የግራይንደር ሽፋን አውልቃችሁ የምትሠሩ፣ ስለ ዓይን እንነጋገር

ሞርሳ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ይህን ርዕስ የከፈትኩት ሰሞኑን አንድ ረዳት ልጅ ዓይኑን ተጎድቶ ስላየሁ ነው። ቤቱን አልጠራም። ልጁ ግራይንደር (ብረት በሚሽከረከር ዲስክ የሚቆርጥና የሚሞርድ የእጅ ማሽን) አልያዘም ነበር፣ ላሜራውን ደግፎ የቆመ ነው። የሚቆርጠው ሰው መነጽር አድርጓል። ለልጁ ግን የሰጠው የለም። ብልጭታው ሲበዛ ፊቱን ዞር፣ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ ነው የሚይዘው፣ ረዳት ሁሉ እንደሚያደርገው። የዓይን ቆብ ብልጭታ እንኳ በቅጡ አይመልስም፣ የተሰበረ ዲስክማ ጭራሽ።

እኛ ጋ ስለ ዓይን ሲነሳ "መነጽር አድርጉ" ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል። እኔ የምለው መነጽር መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ ነገሩ እንዳይፈናጠር ይደረግ። ከተፈናጠረም የማሽኑ ሽፋን ያስቀረው። ሽፋኑን አልፎ ከመጣ በመንገዱ ላይ ሰው አይቁም። ከዚህ ሁሉ ያመለጠውን ነው መነጽር የሚይዘው። እኛ ሌላውን ሁሉ ትተን መነጽሩን ብቻ እንይዛለን፣ እሱንም ለአንድ ሰው።

ዲስክ የምትገዙ ሰዎች ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁታል? የትንሿ ግራይንደር ባለ 115 ሚሊሜትር ዲስክ 13,300 ይላል። የትልቁ ባለ 230 ደግሞ 6,600። በደቂቃ ከዚያ በላይ አታሽከርክሩኝ ማለቱ ነው። ትንሿ ግራይንደር ያለ ጭነት ወደ 11,000 ትዞራለች። ሽፋኗን ፈትታችሁ ትልቁን ዲስክ ስታስሩባት ጠርዙ በሰከንድ ከ130 ሜትር በላይ ይሮጣል። የተሠራው ግን ለ80 ሜትር ነው። ዲስኩን ለመገነጣጠል የሚጎትተው ጫና ከተፈቀደው 2.7 ዕጥፍ ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

እስቲ በእናንተ ቤት እንዴት ነው? ሽፋኑ አለ? ረዳቱስ መነጽር አለው?

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

ወንድሜ ሞርሳ፣ ነገርህ ልክ ነው፣ ግን የሥራውንም ጠባይ እይልን። በርና መስኮት ነው የምንሠራው። ሽፋኑ የሚወልቀው ማዕዘን ውስጥ ዲስኩ አልገባ ሲል ነው። ደግሞ ትልቁ ዲስክ አልቆ ሲያንስ ቀዳዳው ለትንሿም ልክ ስለሆነ አይጣልም፣ እሷ ላይ ይታሰራል። ደሴ ውስጥ ይህን የማያደርግ ጋራዥ ካለ አሳዩኝ።

መነጽር ደግሞ ለሁሉም ገዝቻለሁ። ግንባራቸው ላይ ነው የሚያደርጉት። ስቆጣ ያወርዱታል፣ ዞር ስል መልሰው ይሰቅሉታል። አንዱ "ላብ ያስቸግረኛል" ይላል፣ ሌላው "አያሳየኝም"። አሠሪውን ብቻ መውቀስ ልክ አይደለም።

ሞርሳ (ኮምቦልቻ)

ወቀሳ አይደለም አያ። ያለቀውን ዲስክ ግን አስላው። 230 የነበረው አልቆ 150 ቢደርስ እንኳ በ11,000 ዙር ከ80 ሜትር ያልፋል። ሽፋኑም አይበቃውም፣ ስለዚህ ያለ ሽፋን ነው የሚሠራው። አንድ አዲስ የትንሿ ዲስክ ስንት ነው? አንድ ጊዜ ወደ ሕክምና መመላለስስ?

ማዕዘኑን በተመለከተ ሽፋኑ እኮ ይዞራል። ማሰሪያውን ላላ አድርገህ ወደምትፈልገው ጎን አዙረው። ያም አልሆን ካለ ያቺን ማዕዘን በሞረድ ጨርሳት፣ የደቂቃ ሥራ ናት። ሌላው ሰው የማያየው ደግሞ ዲስኩ መሀል ያለው የብረት ቀለበት ነው። እዚያ ላይ ወርና ዓመት ተቀርጿል፣ የመጨረሻ መጠቀሚያ ጊዜው ነው። ማያያዣው ሙጫ ስለሆነ ሲቆይ ይደክማል። እርጥብ ወለል ላይ የከረመ ደግሞ የባሰ ነው። አዲስ ዲስክ ስታስር ሰው ከፊትህ አርቅ፣ ራስህም ከዲስኩ አቅጣጫ ጎን ቁም፣ አንድ ደቂቃ ያህል ባዶውን ይዙር። የሚሰበር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያኔ ይለይለታል።

አባ ቶርኖ (ኮምቦልቻ)

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ ወይ? ዕድሜዬን ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ነው የጨረስኩት። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ ሁለቱም ዓይኖቼ ያያሉ።

ስለ ግራይንደር ብዙ ተባለ። ሰው የሚንቀውን ልንገራችሁ። መዶሻና መሮ። ማሽን አይደለም፣ አይጮህም፣ ማንም ለእሱ መነጽር አያደርግም። መሮው ብዙ ከተመታ አናቱ ተዘርግቶ ወደ ውጭ ይታጠፋል፣ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ቀጥሎ ስትመቱት ከዚያ ጠርዝ ላይ የሩዝ ፍሬ የማታክል ብረት ትነቀላለች። በጣም ስለታም ናት፣ ፍጥነቷም አይጣል ነው። ባለ መዶሻውን ላታገኘው ትችላለች፣ መሮውን የያዘውን ታገኛለች። እኔ አናቱ የተዘረጋ መሮ ካየሁ ወስጄ በሞላ (በሚሽከረከረው መሞረጃ ድንጋይ) አስተካክለው ነበር፣ ባለቤቱ ቢቆጣም ባይቆጣም። ቤሪንግ ደግሞ በመዶሻ በቀጥታ አይመታም። ቤሪንግ ደረቅ ብረት ነው፣ ይሰነጠቃል። መሀል ላይ ነሐስ ወይም ለስላሳ ብረት አድርጉበት፣ ወይም በማውጫው አውጡት።

ቋሚዋን ሞላ በተመለከተ፣ ዕቃ የምናሳርፍባት መደገፊያ ከድንጋዩ ከ3 ሚሊሜትር በላይ መራቅ የለባትም። ከላይ ያለችው ምላስ ደግሞ ከ6 ሚሊሜትር። ድንጋዩ ባለቀ ቁጥር አስጠጓቸው። ክፍተቱ ከሰፋ ዕቃው ይሰረጎድና ድንጋዩን ይሰብረዋል። ይህን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው በስም መመደብ አለበት። "ሁሉም ይየው" ከተባለ ማንም አያየውም።

ቶርኖ ላይ ያለው ነገር አጭር ነው። የቻኩን (ዕቃውን ጨብጦ የሚያዞረውን ክፍል) ቁልፍ ቻኩ ላይ ትታችሁ እጃችሁን አታንሱ፣ አንዴም ቢሆን። ማሽኑ ሲነሳ ቁልፉ ተወርውሮ ይመጣል። ፍቅፋቂውንም በእጅ ወይም በአየር ሳይሆን ማሽኑ ቆሞ በብሩሽ ጥረጉት።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አባ ቶርኖ እግዜር ይስጥልኝ፣ አየር ሲሉ አንድ ነገር አስታወሱኝ። ጨርቃ ጨርቅ ነው የምሠራው። ሺፍት ሲያልቅ ልጆቹ ተሰልፈው በኮምፕሬሰር ቱታቸውን ያራግፋሉ። የጥጥ ብናኙ ብቻ አይደለም የሚነሳው፣ ወለሉ ላይ ያለ የብረት ፍርፋሪም ይነሳል። አጠገብ ያለው ሰው ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። መጥረጊያ ብሩሽ ስጡን ብለን ስንት ጊዜ ጠየቅን።

የድሮውን ዓይነት ሽመና ማሽን የምታውቁ ካላችሁ ሻትሉን (ክር ይዞ የሚመላለሰውን መወርወሪያ) አስቡት። ጫፉ ብረት ነው፣ ከዳር ወደ ዳር ይወረወራል። ድሩ ሲበጠስና ሲጠላለፍ ወይም የሚመታው ክፍል ሲያልቅ ከመንገዱ ይወጣል። ሲወጣ ደግሞ ባለ ማሽኑን አይደለም የሚመታው፣ በጎን ስለሚወጣ የጎረቤት ማሽን ላይ ያለችውን ነው። ሻትሉን የሚያስቀር ዘንግ አለው። ክር ለመቀጠል ያስቸግራል ብለው የሚያነሱት አሉ። ሞርሳ ከላይ ስለ ረዳቱ ያልከው እኛም ጋ ያው ነው፣ ያነሳው አንዱ ሲሆን የሚጎዳው ሌላው ነው።

ነርስ (ደሴ)

እኔ ከሆስፒታል በኩል ነኝና አባ ቶርኖ ያሉትን ላጠናክር። ከመሮ የተነቀለች ብረት ዓይን ውስጥ ስትገባ ሰው እንደሚያስበው አያሳምምም። ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ያስለቅሳል፣ ከዚያ ይተዋል። ሰውየው "ወጣች" ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። የገባችበት ቀዳዳ በዓይን ላይታይ ይችላል። ቀናት አልፎ ማየት ሲቀንስ ነው የሚመጣው። ያኔ ውስጡ አመርቅዞ ሊሆን ይችላል። ብረቱ ሳይታወቅ ለወራት ከተቀመጠም ይዝግና ውስጥ ያለውን የሚያይ ክፍል ይመርዛል።

ስለዚህ ብረት በብረት እየመታችሁ ድንገት አንድ ዓይናችሁን ነገር ከነካችሁ፣ ባያማችሁም በዚያው ቀን ታዩ። ብሌኑ ክብ መሆኑ ቀርቶ ወደ አንድ ጎን ከተሳበ፣ ነጩ ላይ ደም ከቋጠረ ወይም ዕይታው ደብዘዝ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። ለሐኪሙ "ብረት እየመታሁ ነበር" በሉት። ይህቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ራጅ ወይም ሲቲ እንዲያዝ ታደርጋለች። ኤምአርአይ ግን ማግኔት ስለሆነ ውስጥ ያለ ብረት ያንቀሳቅሳል፣ ስለዚህ ሳትናገሩ እንዳትገቡ።

እስክትደርሱ ድረስ አትሹት። አትጫኑት። የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉት። በፋሻ ጠቅልላችሁ አታጥብቁት፣ የወረቀት ኩባያ ግርጌ ቆርጣችሁ ዓይኑን ሳይነካ አጥንቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ከላይ በፕላስተር አያይዙት። የተበሳ ዓይን ውስጥ ውኃም ጠብታም ቅባትም አይገባም። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብም አትስጡት። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለመድረስ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስለዚህ "ነገ እሄዳለሁ" የሚያስብል ርቀት አይደለም። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው።

ጀማሪ በያጅ (ደሴ)

እህቴ ነርስ፣ እባክሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትናንት ቀን ሙሉ ሌላ ሰው ሲበይድ ብረት ይዤለት ነበር። ማታ ምንም አልነበረኝም። ሌሊት ግን ሁለቱም ዓይኖቼ አሸዋ የገባባቸው መሰለኝ፣ እንባው አያቆም፣ መብራት ማየት አልቻልኩም። እናቴ ድንች ቆርጣ አደረገችልኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ሕመሙን ቀጥ የሚያደርግ ጠብታ አለኝ፣ ከክሊኒክ ያገኘሁት ነው ይለኛል። ልጠቀመው?

ነርስ (ደሴ)

አብሽር ወንድሜ፣ ዓይንህ አልጠፋም። የብየዳው ብርሃን ነው የዓይንህን የላይኛ ሽፋን ያቃጠለው። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚጀምረው፣ ለዚህ ነው ማታ ምንም ያልተሰማህ። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይድናል።

የጓደኛህን ጠብታ ግን እንዳትነካው። ዓይን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው፣ ሐኪም ለምርመራ የሚያደርገው። ቤት ውስጥ ደጋግመህ ካደረግኸው ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል፣ እስከ መታወር የሚያደርስ ነው። ድንቹንም ተይው በላት። የእናት እጅ ነው፣ አትቆጣት፣ ግን ያልታጠበ ነገር የቆሰለ ዓይን ላይ ማድረግ ኢንፌክሽን ያመጣል። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረህ የተዘጋ ዓይንህ ላይ አድርግ፣ ፓራሲታሞል ውሰድ፣ ጨለም ያለ ቤት ውስጥ ዕረፍ። ዛሬ ሥራ አትግባ። እስከ ነገ ካልተሻለህ፣ ዕይታህ ከደበዘዘ ወይም ሕመሙ ወደ አንድ ዓይን ብቻ ካደላ ግን ሄደህ ታይ። በአንዱ ዓይን ብቻ ከሆነ ብረት ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ጀማሪ በያጅ (ደሴ)

አላህ ይስጥሽ። ጠብታውን ትቼዋለሁ። ግን ማስክ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የበያጁ። እኔ ምን ላድርግ?

ሞርሳ (ኮምቦልቻ)

አየህ፣ መጀመሪያ ያልኩት ይኸው ነው። ብረቱን ሰው ለምን ይይዘዋል? ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ አለ፣ ክላምፕ አለ፣ የብየዳ ማግኔት አለ። ማዕዘኑን ማግኔት ይይዘዋል፣ አንተ ዞር ትላለህ። ሰው መያዝ ግዴታ ከሆነም ለያዡም ማስክ ያስፈልጋል፣ የበያጁን ዓይነት። የፀሐይ መነጽር እንዳታደርግ። ለኤሌክትሮድ ብየዳ እንደ አምፔሩ ከቁጥር 10 እስከ 13 የሚደርስ ጥቁር መስታወት ነው የሚፈለገው፣ ለጋዝ ብየዳ 5 አካባቢ ይበቃል። የፀሐይ መነጽር እዚያ አጠገብ እንኳ አይደርስም። በዙሪያው ለሚያልፈው ሰው ደግሞ መጋረጃ ወይም ላሜራ አቁሙ።

ብየዳው ካለቀ በኋላ ላዩ ላይ የሚቀረውን ቅርፊት በመዶሻ ስታራግፉ ማስኩን ታነሳላችሁ። ያኔ ነው ትኩሱ ቅርፊት የሚፈናጠረው። ስለዚህ ከማስኩ ሥር ነጩ መነጽር ይኑር።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ስለ ኬሚካልም አንድ ሰው ይበልልን። እኛ ማቅለሚያና ማንጫ ክፍል ኮስቲክ ሶዳ አለ። ቢራ ፋብሪካም ጠርሙስ የሚታጠብበት እሱ ነው፣ ቆዳ ፋብሪካ ደግሞ ኖራ። ሰው አሲድ ይፈራል፣ ኮስቲክን ግን እንደ ሳሙና ነው የሚያየው።

ነርስ (ደሴ)

ኮስቲክና ኖራ ለዓይን ከብዙ አሲድ ይብሳሉ። አሲድ ላዩን ያቃጥልና ራሱ ባቃጠለው ሥጋ ይታገዳል። ኮስቲክ ግን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እዚህ ላይ ከቅድሙ ተቃራኒ ነው፣ መጀመሪያ ውኃ ነው፣ ከመኪና በፊት፣ ከስልክ በፊት። የዓይን ቆቡን በጣት ገልጣችሁ ያለማቋረጥ እጠቡ። ከ15 ደቂቃ አይነስ፣ ለኮስቲክ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ። ኖራ ከሆነ ከቆቡ ሥር ፍርፋሪ ስለሚቀር እሱንም በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ አውጡት። አሲዱን በኮስቲክ፣ ኮስቲኩን በሎሚ "አመክናለሁ" የሚል ሰው እንዳትሰሙ።

ሞርሳ (ኮምቦልቻ)

ውኃ ቢጠፋስ ለምትሉ፣ የዓይን ማጠቢያ መለኪያው በደቂቃ 1.5 ሊትር ለ15 ደቂቃ ነው። 22 ሊትር ተኩል ማለት ነው። ባለ 25 ሊትር ጄሪካን ንጹሕ ውኃ ሞልታችሁ፣ ታች ቧንቧ ገጥማችሁ፣ ኮስቲኩ ካለበት በ10 ሰከንድ የሚደረስበት ቦታ ስቀሉ። በየሳምንቱ ውኃውን ቀይሩ። ይህ ፋብሪካው የሚያስገባውን ማጠቢያ አይተካም፣ ግን ያ እስኪገባ ድረስ ዓይን ያተርፋል።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

ሕጉን ላስገባ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያስገድዳል። ማቅረብ ብቻ አይበቃም። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን እንዲጠቀምና ጉድለት ሲያይ እንዲያሳውቅ ያዛል። አንቀጽ 96 ላይ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ የደረሰበት ጉዳት ከሆነ አሠሪው ነፃ ሊወጣ ይችላል። መነጽር ግንባራችሁ ላይ የምትሰቅሉ ይህችን አንብቡ። አሠሪዎችም መመሪያ ሰጥቻለሁ ካላችሁ በጽሑፍ ይሁን።

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

ተምሬያለሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያለቁትን ትልልቅ ዲስኮች ዛሬ አስወግዳለሁ። አሁን የትኛውን መነጽር ልግዛ? ፒያሳ ስሄድ አንዱ ሻጭ ሁሉም አንድ ነው ይለኛል።

ሞርሳ (ኮምቦልቻ)

አንድ አይደለም። ፍሬሙን አዙረህ አንብብ። ዜድ 87 ብሎ የመደመር ምልክት ያለበት፣ ወይም ኢኤን 166 ብሎ መስታወቱ ላይ የላቲን ኤፍ ፊደል ያለበት ለትንንሽ ፍንጣሪ ተፈትኗል። ኤፍ ማለት በሰከንድ 45 ሜትር የሚመጣን ትንሽ የብረት ጥይት ችሏል ማለት ነው። ቢ የሚለው 120 ሜትር ይችላል፣ እሱ ግን ግጥም ያለው ጎግል ነው። ለግራይንደር ጎግል ይሻላል፣ በጎን የሚገባው ብዙ ነው። ምንም ያልተጻፈበትን ተወው። የንባብ መነጽር ያላቸው ልጆች ካሉህ ከላዩ የሚደረግ ሰፊ አለ፣ የንባብ መነጽር ራሱ ሲሰበር ስለት ነው።

ፊት ሙሉ የሚሸፍነውን ፕላስቲክም ግዛ፣ ግን ከሥሩ መነጽር ይኑር። ከታች በኩል ይገባበታል።

"አያሳየኝም" ለሚሉህ ልጆች እውነት አላቸው። የተፋቀ መነጽር አያሳይም። በደረቅ ጨርቅ አትወልውሉት፣ በውኃ አለቅልቁት። ላቡ ሲያደበዝዘው አንዲት ጠብታ የፈሳሽ ሳሙና ውስጡን በስሱ ቀብታችሁ እስኪጠራ ወልውሉት፣ ለጥቂት ሰዓት ይይዛል። ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ስጠው፣ ስሙን ጻፍበት። የጋራ የሆነ ዕቃ ሲቆሽሽ ማንም አይነካውም።

አባ ቶርኖ (ኮምቦልቻ)

እኔ አንድ ልጨምር። ግራይንደሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ ሁለት ጎግል አብሮ ይቀመጥ፣ አንዱ ለቆራጩ፣ አንዱ ለረዳቱ። ሳጥኑን የሚያወጣ ሁለቱንም ያወጣል።

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

ይህችን ወደድኳት አባ። ሳጥኑን ነገ አሠራዋለሁ። ሞርሳ፣ ራሱ የሚጠቁረው ማስክስ? ባትሪው ሥራ መሀል ቢያልቅ ዓይን አያቃጥልም?

ሞርሳ (ኮምቦልቻ)

ደረጃውን የጠበቀ ከሆነ ሳይጠቁርም ቢሆን የሚያቃጥለውን የማይታይ ጨረር ሁልጊዜ ያግዳል፣ የሚያስቸግርህ የሚታየው ብርሃን ነው፣ ለጊዜው ዓይንህን ያጥበረብረዋል፣ ሥራውን ታቆማለህ። ስለዚህ ምልክት ያለበትን ግዛ፣ ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ ላይተር አብርታችሁበት ጠቆረ አልጠቆረ እዩ፣ ትርፍ ባትሪ ደግሞ እዚያው አባ ቶርኖ ባሉት ሳጥን ውስጥ ይግባ። ባትሪው የማይቀየር ዓይነትም አለ፣ ስትገዛ ክፈተውና እይ።